ግማሽ ላይ የቀረው ባንዲራ

ቲራ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ቂም የላትም። ደሞዟን ሳያጓድል የሚከፍላት እሱ ነው፤ አራቱን የሕፃን ጋሪዎች የገዛላት እሱ ነው፤ ደረጃው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ የእንጨት በር እንኳ አናጢ ልኮ ያሠራላት እሱ ነው። የማትወድለት አንድ ጠባይ ብቻ ነው፤ ሳይናገር ሰው መላኩን። «እናቴ እንኳ ስትመጣ አስቀድማ ትደውል ነበር» ትላለች፤ «እናቴ ደግሞ ወልዳኛለች።»

ሥራዋ የሰው ልጅ ማዋል ነው። የኮርስሎ መንደር ወላጆች ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆቻቸውን በቲራ በር ያስረክባሉ፤ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይወስዳሉ። ቤቱ የራሷ ነው፤ ፈቃዱ ግን የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ክፍያውም፣ ቁጥጥሩም። በዚህ ሥራ ላይ ጸጉሯ ሸብቷል። የመንደሩን ጎልማሳ ግማሹን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ያበላች ሴት ስለሆነች ማንንም አታፍርም። ዳቦ ጋጋሪው ያደረ ዳቦ ሊያስይዛት ሲሞክር፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «ቂጥህን የጠረግሁልህ ሴት ነኝ፤ ትኩሱን አምጣ» ትለዋለች። ያመጣል።

ድሮ እንደሷ ያሉ በመንደሩ ብዙ ነበሩ። አንዷ ጡረታ ወጣች፤ አንዷ ልጆቿን ተከትላ ከተማ ገባች፤ አንዷን ጀርባዋን አመማት። ቲራ ብቻዋን ቀረች። እሷም ፈቃዷን ብትነጠቅ የኮርስሎ ሕፃናት ከሰፊው እርሻ ባሻገር ከተማው ውስጥ ወዳለው ትልቅ መዋያ ሊሄዱ ነው፤ ገና ጥርስ ያላበቀለ ልጅ በበረዶ ወራት ጨለማ አውቶቡስ ሊጠብቅ ነው። ይህን ስታስብ ቲራ እንቅልፍ ይነሳታል። ስለ ራሷም ታስባለች፤ ቤቱ ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ከሌለ ቀኑን ሙሉ ከኤጎን ጋር ምን ልታወራ ነው?

ኤጎን ባሏ ነው። የስኳር ፋብሪካ ሾፌር ሆኖ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ፒፓ ያጨሳል፤ ብዙ አይናገርም። ሶፉስ የሚባል ውሻ አለው፤ ፈጣሪ እግሩ ላይ ቆጥቦ ወገቡ ላይ የለገሰው ዓይነት ውሻ። ከሁለቱ በመንደሩ ይበልጥ የሚከበረው ሶፉስ ነው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በሶፉስ ነው። ከምሳ በኋላ አራቱ ጋሪዎች ፖም ዛፉ ሥር ይደረደራሉ፤ ልጆቹ በሱፍና በላባ ተጠቅልለው፣ ቀበቷቸው ታስሮ፣ አፍንጫቸው ብቻ ቀልቶ ደጅ ይተኛሉ። በረዶም ቢሆን ደጅ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚተኛ ልጅ ያመመው ልጅ ነው። ቪላዝ፣ ፔለና ቪልያ ገና ጋሪው ሳይወዘወዝ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አስታ ግን ሶፉስ እግሯ ሥር ካልተኛላት አትተኛም። ቢዘፍኑላት፣ ቢያባብሏት፣ ቢቆጧት ያው ነው። ስለዚህ ሶፉስ ጋሪ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ ደግሞ ውሻና የሚውል ልጅ አንድ ቦታ አይሁኑ ይላል።

እዚህ ላይ ነው ፕሬበን የሚገባው። ፕሬበን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዶሮዎቹ ጋር ብቻውን ይኖራል፤ ቤቱም መንገዱ ወደ መንደሩ ከሚታጠፍበት ጥግ ላይ ነው። ከዚያ ሳይታይ ኮርስሎ የሚገባ መኪና የለም። ግቢው ውስጥ እንደ ማንኛውም ሰው የባንዲራ ዘንግ አለው። ልደት ሲሆን ይሰቀላል፤ ክርስትና ሲሆን፣ የተወደደ እንግዳ ሲመጣ ይሰቀላል። ሰው ሲሞት ደግሞ ግማሽ ዘንግ ላይ ቆሞ ይውላል። ፕሬበን አንድ ተጨማሪ በዓል ፈጠረ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ነጭ መኪና በእርሻው መንገድ ብቅ ሲል ባንዲራውን ይሰቅላል። ቲራ ከወጥ ቤቷ መስኮት ታየዋለች። ተቆጣጣሪው መኪናውን አቁሞ ወረቀቱን እስኪሰበስብ ሶፉስ ጓሮ ባለው የኤጎን የሥራ ጎጆ ውስጥ ነው፤ የኤጎንም ፒፓ ጠፍቷል፤ ቲራም እጇን እያደረቀች በሩ ላይ ቆማ፣ «ምነው ሳትነግሩኝ?» ትላለች።

የፊተኛው ተቆጣጣሪ ታገ ይባል ነበር። አንድ ቀን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ፕሬበንን ጠየቀው።

«ዛሬ ደግሞ የማን ልደት ነው?»

«የአማቴ።»

«ባለፈው ጊዜስ?»

«የአማቴ።»

«ሴትዮዋ ስንቴ ነው የምትወለደው?»

«በሕይወት ሳለች ብዙ አላከበርኩላትም» አለ ፕሬበን፤ «አሁን እያካካስኩ ነው።»

ታገ ሳቀና ነዳ። ነገር የሚገባው ሰው ነበር፤ ቢገባውም ባይገባውም ጡረታው ደርሶ ነበር። በቦታው ሲሰል መጣች።

ሲሰል ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ነገር ከመናገሯ በፊት ሁለት ጊዜ የምታይ ወጣት ናት። ከሩቅ አገር ለሥራ ብላ መጥታ ከተማው ውስጥ ብቻዋን ቤት ተከራይታለች። የመጀመሪያ ጉብኝቷ ዕለት ከባሕሩ የተነሳ ጭጋግ መንደሩን ዋጠው፤ ፕሬበን ባንዲራውን ቢሰቅልም ቲራ የራሷን አጥር እንኳ አላየችም። ሲሰል በጓሮ በኩል ገብታ የአስታ ጋሪ ላይ አጎነበሰች። ሶፉስም ቀና ብሎ አፍንጫዋን ላሳት።

ሲሰል አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ቲራ» አለች ፊቷን እየጠረገች፤ «ሁለተኛ ካገኘሁት ስለ ፈቃድሽ የምወስነው እኔ አልሆንም። ከኔ በላይ ያሉት ናቸው። እነሱ ደግሞ አስታን አያውቋትም።» አገሩ ሹምም ገበሬም እኩል አንተ አንቺ የሚባባልበት ነው፤ እንዲህ ተብሎም ግን መፈራት አለ።

ቲራ ፈራች። ውሻውን ግን ከጋሪው አላወጣችም። ይልቅስ አንድ ጠርሙስ የቼሪ መጠጥ ይዛ ፕሬበን ዘንድ ሄደች፤ «ከእንግዲህ ዓይንህን እንዳትከድን» አለችው። ፕሬበንም አልከደነም። ከዚያ ወዲህ ሲሰል በመጣች ቁጥር ባንዲራው ይሰቀል ነበር፤ ሶፉስም ተሰውሮ፣ ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ሆኖ ተገኘ። አስታ ብቻ እንቅልፏን አጥታ ጋሪ ውስጥ ትነፋረቅ ነበር። «ጥርስ እያበቀለች ነው» ትላለች ቲራ። ልጅቷ አፏ በጥርስ ሞልቶ ነበር።

በረዶው ገና ባልቀለጠበት በየካቲት ፕሬበን ታመመ። ደረቱን ይዞት ሳሉ ከመንገድ ይሰማ ነበር። ቲራ ሾርባ ወሰደችለት፤ ዶሮዎቹን መገበችለት፤ «ሐኪም ጋ ሂድ» አለችው፤ «ሐኪሙም ሲያመው እኔ ጋ አይመጣም» አላት። በማግሥቱ ልጆቹን ጥቁር ዳቦ በጉበት ቅባት አብልታ፣ ጠቅልላ፣ ደጅ አስተኝታ ሳህን እያጠበች በመስኮት ስታይ የፕሬበን ባንዲራ መውጣት ጀመረ። እጇን ልታደርቅ ጨርቅ አነሳች። ባንዲራው ግማሽ ዘንግ ላይ ደርሶ ቆመ። ጠበቀች። አልተነቃነቀም።

«ኤጎን» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ፕሬበን ሞቷል።»

ኤጎን ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ በመስኮት አየ። «ማን ሰቀለው ታዲያ? ራሱ?»

«ሴት ልጁ ከኮፐንሃገን መጥታ ይሆናል። አንተ ደግሞ ሬሳ ላይ ትመራመራለህ። ኮትህን ልበስ።»

«ልጆቹስ?»

«ገፍተን እንወስዳቸዋለን። ሁለት አንተ፣ ሁለት እኔ።»

ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር አራት ጋሪ በበረዶ ላይ ተገፋ። ቲራ አለቀሰች። ያ ሰው የሠርጓን ቀን የደስታ ደብዳቤ ያመጣላት፣ የእናቷን መርዶም ያመጣላት፣ ለእሷ ሲል በሞተች አማቱ ስም የዋሸ ሰው ነው። ሾርባው ጨው በዝቶበት እንደ ነበር አስታወሰችና የባሰ አለቀሰች። ስለ ደንብ፣ ስለ ማዘጋጃ ቤት፣ ስለ ነጭ መኪና ከቶ አላሰበችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ማሰብ የነበረባትን ሁሉ ወጥ ቤት ትታ ወጣች።

ጥጉን ዞራ የፕሬበንን ግቢ ስታይ እግሯ ተተከለ። ፕሬበን ከነነፍሱ ዘንጉ ሥር ቆሟል፤ ገመዱን በግራ እጁ ይዟል። ቀኝ እጁን የያዘችው ሲሰል ናት። ባርኔጣዋን አውልቃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሐዘኑን ትካፈላለች። ነጩ መኪና አጥሩ ላይ ቆሟል።

የሆነው ቀላል ነው። ዘንጉ አናት ላይ ያለው መዘውር በረዶ ገብቶበት ገመዱን ነክሶ አልለቅ ብሎታል፤ ወደ ላይም አይሄድ፣ ወደ ታችም አይመጣ። ፕሬበን እየሳለ፣ ዓይኑ በብርድ እያነባ ሲጎትት መኪናው ደረሰ። በዚያ አገር ግማሽ ላይ የቆመ ባንዲራ ሥር የሚያለቅስ ሽማግሌ አይቶ የሚያልፍ ሰው የለም። ሲሰልም አላለፈችም።

«ማን ነው የሞተብህ?» እያለች ነበር።

ፕሬበን ቲራን አያት፤ ጋሪዎቹን አየ፤ በአስታ ጋሪ ውስጥ ያለውን ጉብታም አየ። የፖስተኛ ጭንቅላት ፈጣን ነው። «ኦልጋ» አለ።

«ሚስትህ?»

«ዶሮዬ።»

ሲሰል ባርኔጣዋን መልሳ አላደረገችም። «አርጅታ ነበር?»

«ዕድሜ ጠግባለች» አለ ፕሬበን፤ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። «እንቁላሏ ሁለት አስኳል ነበረው።»

ቲራም ሐዘን ፊቷ ላይ ስለነበረ እንደዚያው ተወችው። «ምስኪን ኦልጋ» አለች። ኤጎን ቆቡን አወለቀ። ጥቂት ቆሙ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ከነክብሩ ባለቀ። ግን ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ከጋሪው ውስጥ መጀመሪያ የወጣው ጅራት ነበር። ሶፉስ ዶሮ ሸቶት ብርድ ልብሱን ገልብጦ፣ ከአስታ እግር ላይ ዘሎ፣ በዚያ እግሩ ሊሮጥ የሚችለውን ያህል ሮጠ። ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ከጎጇቸው ፈሰሱ። ከሁሉ ፊት አንዲት ወፍራም፣ ነጠብጣብ ዶሮ ክንፏን ዘርግታ በሲሰል እግር መካከል አለፈች።

ፔለ ከጋሪው ቀና አለ። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው፣ ንግግር ገና የጣመው ልጅ ነው። ጣቱን ቀስሮ፣ «ኦልጋ» አለ።

ኤጎን ቆቡን መልሶ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ሌላ ነገር ስላልነበረ ነው። ቲራ ሲሰልን አየቻት፤ ፊቷ ላይ ቁጣ ፈልጋ አጣች። ያየችው ሌላ ነገር ነው፤ ግራ መጋባት፣ እንደ ልጅ።

«ሰው ካልሞተ ባንዲራው ለምንድን ነው?» አለች ሲሰል። ለፕሬበን ብቻ አልነበረም የምትናገረው። «እኔ እኮ... እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ይሰቀላል። ሌላ መንደር ስሄድ መጋረጃ ይዘጋብኛል። እዚህ ግን ገና ከእርሻው መንገድ ስወጣ ይሰቀላል። ለኔ መስሎኝ ነበር።» በሀፍረት ሳቀች። «ለእናቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ። በየሳምንቱ ትደውልና፣ ዛሬስ ሰቀሉልሽ ወይ ትለኛለች።»

ፕሬበን ወዲያው ተቀበላት። «ለማን ሊሆን ኖሯል ታዲያ? ላንቺ ነው እንጂ» አለ፤ ከትከሻዋ በላይም ቲራን ጠቀሳት።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ነው። ቲራ ማድረግ የነበረባት ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነው። ውሻው ተይዟል፤ ማስጠንቀቂያው ተሰጥቷል፤ ፈቃዷ በዚህች ሴት አፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሴትዮዋም ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ብትሄድ ምናልባት... ቲራ ለባለሥልጣን ስትዋሽ ኖራለች፤ አንድም ቀን አላፈረችም። አሁን ግን ባለሥልጣን አልታያትም። ማታ ማታ ብቻዋን ስልክ ይዛ፣ «ዛሬም ሰቀሉልኝ» የምትል የሰው ልጅ ታየቻት፤ አንጀቷን በላቻት።

«ውሸቱን ነው» አለች። «ላንቺ አይደለም። ባንቺ ላይ ነው። ስትመጪ እንድናውቅ ነው የሚሰቅለው፤ እኔ ነኝ የጠየቅሁት። አንቺ እስክትደርሺ ውሻውን ከጋሪ አወጣለሁ። ስትሄጂ እመልሰዋለሁ።»

ኤጎን ፒፓውን ኪሱ ከተተ። ፕሬበን ገመዱን ማየት ጀመረ።

«ሁልጊዜ?» አለች ሲሰል።

«ከጭጋጉ ቀን በቀር።»

«የጭጋጉንም ቀን ሰቅዬ ነበር» አለ ፕሬበን ቀስ ብሎ፤ ነገሩን የሚያሻሽል መስሎት።

ሲሰል ባርኔጣዋን አደረገች። «ቤትሽ እንሂድ» አለች፤ «ሥራዬን ልሥራ።» አንዱን ጋሪ ራሷ ገፋች።

ቤቱን ሁሉ አየች። የደረጃውን በር ከፍታ ዘጋች፤ የጋሪዎቹን ቀበቶ ስባ ሞከረች፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ፒፓ ሸተታትና ኤጎንን አየችው፤ ኤጎን ጫማውን አየ። ቲራ ምንም አልደበቀችም። ሶፉስ የሥራ ጎጆው በር ላይ ታስሯል። ጋሪዎቹ እንደ ገና ፖሙ ሥር ተሰለፉ፤ ሦስቱ ተኙ፤ አስታ ማልቀስ ጀመረች።

«ጥርስ ነው?» አለች ሲሰል።

«አይደለም።»

ሲሰል ጋሪውን ወዘወዘች። ዘፈነችላትም፤ ድምፅዋ ደህና ነበር፤ አስታ ግን ለዘፈን ደንታ የላትም። የሲሰል ክንድ ዛለ፤ እጅ ቀየረች። ጩኸቱ ከፍ ሲል ሶፉስ ገመዱን እየሳበ፣ ኤጎን ያሰረበትን በርጩማ ጭምር እየጎተተ መጣና ጋሪው ሥር ገብቶ ተጋደመ፤ ወዲያውም አንኮራፋ። አስታ ማንኮራፋቱን ሰማች። አንድ ጊዜ ተንሰቀሰቀች፣ ተወችው፣ ተኛች።

ሲሰል አጎንብሳ ከጋሪው ሥር አየች። ቀና አለች። «ውስጥ አይደለም» አለች።

«አይደለም» አለች ቲራ።

«ታስሯል።»

«ከነበርጩማው።»

«እነሱ ተኝተው ሳለ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ከጠበቅሽው... ሳህን አይታጠብም፣ ወጥ ቤት አይገባም። በዝናብም ቢሆን። እኔ እንዲህ አገኘሁ፣ እንዲህ ነገሩኝ፣ እንዲህ ይሁን ብዬ ለበላዮቼ እናገራለሁ። ያየሁትን ሁሉ። የባንዲራውንም።»

«የባንዲራውን ተናገሪ» አለች ቲራ። «ፕሬበንን ግን ይቅር በይው፤ ደረቱን አሞታል።»

ሲሰል አልሳቀችም። ስትወጣ በፕሬበን ደጅ ቀስ ብላ አለፈች ይባላል፤ ባንዲራው አሁንም ግማሽ ላይ ነበር፤ ግማሹ መንደርም የኤጎንን መሰላል ይዞ መዘውሩን ሊያላቅቅ ተሰብስቦ ነበር። ከእነሱ አብዛኛዎቹ አበባ ይዘው ነው የመጡት። ፕሬበን ሳምንቱን ሙሉ የቀብሩን አበባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ሰው አበባውን በቁሙ ቢያገኝ ይሻላል» እያለ ከረመ።

ከዚያ ወዲያ ቲራ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ፖሙ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የበግ ለምድ ተከናነበች፤ አፍንጫዋ ከልጆቹ እኩል ቀላ። ኤጎን በመስኮት አጮልቆ፣ «አምስተኛዋ ልጅ አልተኛችም?» ይላታል። ወላጆቹ ነገሩን ሰምተው ጠዋት ሲያስረክቡ ዓይኗን ያያሉ፤ እሷም የምትነግራቸው ነገር የላትም። ከማዘጋጃ ቤቱ ምንም አልመጣም። ፕሬበንን ሄዳ፣ «ከእንግዲህ መኪናዋ ሲመጣ ዘንጉን እንዳትነካ» አለችው። «ልደቴ ቢሆንስ?» አላት። «ብትሞትም» አለችው።

በግንቦት ፖሙ አበባ አውጥቶ ሳለ ሲሰል መጣች። ባንዲራ አልተሰቀለም። ቲራ አግዳሚው ላይ ሆና የጓሮው በር ሲያንጫርር ሰማች፤ ሶፉስ ጋሪው ሥር ጆሮውን አነሳና መልሶ ጣለው። ሲሰል ማንንም ሳትቀሰቅስ ዞራ ሁሉን አየች፤ ቤቱንም፣ ወጥ ቤቱንም፤ ፒፓ አልሸተተም። ከዚያ መጥታ አግዳሚው ላይ ከቲራ ጎን ተቀመጠች። ልጆቹ ይተነፍሳሉ።

«የበላዮቼ ብዙ ተከራከሩ» አለች ሲሰል። «አንዱ፣ ያታለለችን ሴት ናት አለ። እውነት ነው አልኩት። ግን በተከፈተላት በር ሾልካ መውጣት ስትችል ያልወጣች ሴት ናት አልኩት። ፈቃድሽ ባለበት ይቀጥላል፤ ውሻውም ከጋሪው ሥር ይሁን።»

ቲራ ለምዱን አስተካከለች፤ አፍንጫዋን ተናፈጠች። ኤጎን ቡናና ሩባርብ ከሚባል ጎምዛዛ አገዳ የተሠራ ኬክ ይዞ ወጣ፤ ሁለት ቁራሽ ቆርጦ ለሲሰል ሰጣት፣ ለራሱም አንድ ያዘ፤ እሱ ለሚወደው ሰው ንግግሩ ይኸው ነው። ሲሰል የመጀመሪያውን ጨርሳ ሁለተኛውን ስትይዝ ኤጎን በጣራዎቹ ላይ አሻግሮ አየና ማኘኩን አቆመ። የፕሬበን ባንዲራ እየወጣ ነበር። ግማሹን አለፈ፤ አናቱ ላይ ደረሰና ነፋሱ ዘረጋው።

«ሽማግሌው ጃጅቷል» አለ ኤጎን። «መኪናዋ ከገባች ስንት ጊዜዋ። አሁን ነው የነቃው።»

ቲራም ደነገጠች፤ «ነግሬው ነበር» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ገባት፤ አፏን ዘጋች። ፕሬበን መኪናዋን አይቷል፤ ጥጉ ላይ ሆኖ እሱ ሳያየው የሚገባ መኪና የለም። አይቶ፣ ተቀምጦ ጠብቋል፤ ለማንም ምንም ማስጠንቀቅ እስከማይቻልበት ሰዓት ድረስ።

ሲሰል ባንዲራውን እያየች ነበር። ሁለት ጊዜ አየች፣ እንደ ጠባይዋ። «የማን ልደት ነው?» አለች።

«የማንም አይደለም» አለች ቲራ። «ውሻውን አይተሻል፣ ወጥ ቤቱን አይተሻል፣ ኬኬንም በልተሻል። ከዚህ በኋላ የሚሰቀል ባንዲራ ለማን ሊሆን ነው? ይልቅ ለእናትሽ ደውዪላት።»

ሲሰል ኬኩን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። ድምፅዋን ዝቅ ልታደርግ ሞከረች፤ አልሆነላትም። አስታ ነቃች፤ ማንም አልተቆጣም።